የሚያድገው ዓምድ

በአዝሜር መንግሥት ዋና ከተማ መካከል የሰው እጅ ያላቆመው አንድ ጥቁር የድንጋይ ዓምድ ነበረ። የአዝሜር ሰዎች ያ ዓምድ እንደ ዛፍ ያድጋል ብለው ያምኑ ነበር። በጭፍን አላመኑም፤ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል፣ በዕድገት በዓል፣ የዓምዱ ጠባቂ ነጭ መቀነት ከመሬቱ ጋር አስተካክላ በግርጌው ታስራለች። በዓመቱ ሕዝቡ ሲሰበሰብ መቀነቱ ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ብሎ ይገኛል። ያኔ እልልታው ይቀልጣል፤ ንጉሡም ለዓምዱ ምስጋና አዲስ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በአዝሜር የጉድጓዱ ገመድ የረዘመለት ሰው ይከበራል፤ ልጁን ለፈለገው ይድራል። ገመዱ ከዓመት ዓመት ለምን እንደሚረዝም ግን የጠየቀ አልነበረም።

በንጉሥ ዝናር ዘመን በዋለ አንድ የዕድገት በዓል ግን ያምናው መቀነት ከአንድ ረጅም ሰው ደረት ትይዩ ተገኘ። ከእሱ በላይ የቀደሙት ዓመታት መቀነቶች፣ ከፊሎቹ ጠቁረው ከፊሎቹ ተበጣጥሰው፣ እንደ መሰላል እስከ ጫፍ ድረስ ይታያሉ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እልልታው ሳያባራ ምድር እንደታመመች ላም አቃሰተች፤ የቤተ መንግሥቱም ምሥራቃዊ ግንብ ከአናቱ እስከ መሠረቱ ተሰነጠቀ።

እልል ካላሉት አንዷ ታምሬት ነበረች። ታምሬት የጉድጓድ ገመድ የምትገምድ ወጣት ሴት ናት። ባሏ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ባለፈው በጋ ከከተማው በስተምዕራብ ባለው ሜዳ ሲቆፍር ምድር ተሰንጥቃ ዋጠችው። በወገቡ የታሰረውን ገመድ የገመደችው እሷ ነበረች። ጓደኞቹ ሲጎትቱት ግማሹ ብቻ ወጣ፤ ጫፉ በድንጋይ ስለት ተበጥሶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ግማሽ ገመድ እንደ መቀነት ታጥቃ ትኖራለች።

በአዝሜር ሕግ ሰው ሲቀበር ከሁሉ የሚቀርበው ዘመዱ በአፈሩ ላይ ቆሞ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ስም የተጠራበት መሬት መቃብር ነውና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዶማ አይነካውም፤ ንጉሥም ቢሆን አያስቆፍረውም። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ግን ስሙ አይጠራም። ቀረ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም። ስለዚህ ታምሬት የባሏን ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም። አላለቀሰችምም። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ጠንካራ ናት አሏት፤ ቆይተው ደግሞ ልበ ደንዳና ናት አሉ። ሁለቱንም ሰምታ ገመዷን ገመደች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አስከሬኑን አውጥታ፣ በአፈሩ ላይ ቆማ፣ ስሙን መጥራት።

ንጉሡ በዚያው ቀን በተሰነጠቀው አዳራሽ ሸንጎ ጠራ። መማክርቱ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻም የዓምዱ ሥር ከልክ በላይ ተስፋፍቷል፣ የዋርካ ሥር አጥር እንደሚያፈርስ እሱም ከተማውን ሊያፈርስ ነው፣ አንድ ሰው ወርዶ ሊቆርጠው ይገባል በሚል ተስማሙ። ዕድሜያቸውን ሁሉ መቀነት ሲያስሩ የኖሩት የዓምዱ ጠባቂ፣ ኩሩዋ አሮጊት እሜት ሽራሬ፣ ከእናታቸው የወረሱትን ትንቢት በሸንጎው ፊት አሰሙ።

«ከጥልቅ የተሰረቀ ወደ ጥልቅ ካልተመለሰ፣ ምድር ልጆቿን እንዳቀፈች ትወርዳለች።»

የተሰረቀው ምን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። በመንግሥቱ ሰይፍ እጀታ ላይ የተሰካው፣ ጡጫ የሚያህለው ሰማያዊ ድንጋይ ከጥልቅ እንደመጣ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ግን የመጀመሪያው ንጉሥ በስጦታ እንደተቀበለው ሲዘፈን የኖረ ነውና ስርቆት ነው ብሎ ያሰበ የለም። ይልቁንም ሥሩን ሊቆርጥ የሚችለው የጥልቅ ድንጋይ የተሰካበት ሰይፍ ብቻ ነው ተባለ።

ንጉሡ ሰይፉን ከፍ አድርጎ ማን እንደሚወርድ ጠየቀ። ወደ ታች የሚያስገባው መንገድ አንድ ነበር፤ የታምሬትን ባል የዋጠው ስንጥቅ። ጀግኖቹ ሁሉ አቀርቅረው ወለሉን ያዩ ጀመር። ታምሬት ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፤ «እኔ እወርዳለሁ። ሥሩን ሳልቆርጥ ብመለስ ዓምዱ ይፍረድብኝ። ወርቅና ሹመት አልለምንም። እታች የቀረውን ሰው ይዤ ከወጣሁ ግን፣ በከተማው በር አጠገብ ለመቃብር የሚሆን መሬት ይሰጠኝ።»

«ይሰጥሽ» አለ ንጉሡ።

የባሏ ታናሽ ወንድም ደርሶንም አብሮ ሊወርድ ተነሣ። ደርሶን አፉ የማያርፍ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ወጣት ነው። ዋርሳው ያንን የሚያህል ሰይፍ ይዛ እንዳትጠፋ መጠበቅ አለብኝ ብሎ ተናገረ፤ በዚያ አዳራሽ ግን የሳቀለት አልነበረም። እሜት ሽራሬም የዓምዱ ሥር ጠባቂው ሳታየው አይቆረጥም አሉና ሦስተኛ ሆኑ።

የበዓሉ ሁለተኛ ቀን የዓምዱ ማጠቢያ ይባላል። ያን ቀን በከተማው ያለ ቤት ሁሉ ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳ ዓምዱን ያጥባል። ንጉሡ ማጠቢያውን አልሰረዘም፤ ሦስቱ መንገደኞች ሲወርዱ ዓምዱ እንዲራራላቸው አብልጣችሁ እጠቡት ብሎ አዘዘ። ማለዳ ላይ ታምሬት አዲስ የገመደችውን ገመድ በስንጥቁ አፍ ካለ ቋጥኝ ጋር አሰረች። እሜት ሽራሬን በደርሶን ጀርባ አዘሏቸው።

«እሜቴ፣ ያደጉት እርስዎ ነዎት እንጂ ዓምዱ አይደለም» አለ ደርሶን እያቃሰተ።

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋና እግርህን ተመልከት።»

ስንጥቁ ጥልቅ ነበር። በችቦው ብርሃን ግድግዳው ላይ የድሮ ውሃ ጠርዝ እንደ ነጭ ክር ተሰምሮ ይታያል፤ በወረዱ ቁጥር ሌላ ክር፣ ከዚያም ሌላ። በክሮቹ መካከል ያለው አፈር ደርቆ፣ እንደተጨመቀ ሎሚ ተሸብሽቧል። ታምሬት ክሮቹን እያየች የገመደቻቸውን ገመዶች አሰበች። በየዓመቱ አንድ ክንድ ትጨምር ነበር፤ ገዢዎቿም ደስ እያላቸው ይወስዱ ነበር።

ከገመዱ ማብቂያ ጠባብ መተላለፊያ ተቀበላቸው። እዚያ እሜት ሽራሬ በጆሮዎቻቸው ስለ ላሶች አንሾካሾኩ። ላሶች በድሮ ዘመን የጥልቅ ውሃ ዓሦች ነበሩ፤ ውሃው ጥሏቸው ሲሄድ እግር አወጡ። ዓይን የላቸውም። ሲጠሙ የኖሩ ናቸውና እርጥበት ይሸታቸዋል፤ ላብ፣ ምራቅ፣ ከሁሉ በላይ እንባ። ድምፅ ከሰሙም እርጥብ አፍ እንዳለ ያውቃሉ። አንዴ መላስ ከጀመሩ ደግሞ አጥንት እስኪደርቅ አያቆሙም። ደርሶን ይህን ሲሰማ የነጠላውን ጫፍ ጠቅልሎ በጥርሱ ነከሰው።

መጡ። ነጭ ናቸው፤ መጠናቸው የውሻ ያህል ነው። በግድግዳውና በጣሪያው ላይ እየተሳቡ በመንገደኞቹ ዙሪያ ተንጠለጠሉ። አንዱ ረጅም ምላሱን ዘርግቶ የታምሬትን ጉንጭ ከታች ወደ ላይ ላሰ። ምላሱ እንደ ሞረድ ሻካራ ነበር። በጉንጯ ላይ ምንም አላገኘም፤ ዓይኗን ዳሰሰ፤ እዚያም ምንም አልነበረም። ትቷት ሄደ። ታምሬት ብዙ ወራት ያጠራቀመችው ድርቀት ለዚህ ቀን እንደሆነ አሰበች፤ ሐሳቡ ግን አላጽናናትም።

መተላለፊያው ወደ አንድ ሰፊ ዋሻ አወጣቸው። ላሶቹ ደፉ ላይ ቀሩ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት የፈሩ ይመስላሉ። በዋሻው መካከል ጥቁሩ ዓምድ ከጣሪያው ወርዶ ቆሟል። ታምሬት ሰይፉን መዘዘች፤ ችቦዋን ዝቅ አድርጋ ሥሩን ፈለገች። ሥር አልነበረውም። ግርጌው እንደ ጠረጴዛ እግር ተቆርጦ፣ ከምድር ሁሉ በታች ባለ አለት ላይ ተቀምጧል። በአለቱና በዓምዱ መጋጠሚያ ከፍጥረት ጀምሮ ያልተነካ የደቃቅ አሸዋ ቀለበት አለ። ዓምዱ አንድ ፀጉር ያህል እንኳ ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

እሜት ሽራሬ ከደርሶን ጀርባ ወርደው አሸዋውን በጣታቸው ነኩ። ወደ ላይ አዩ፤ ቀጥሎ ወደ ታች። ብዙ ቆይተው የራሳቸውን መቀነት ፈቱና በጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት።

«እሜቴ?» አለ ደርሶን በቀስታ።

«አላደገም» አሉ። «ወርደን ነው።»

ያኔ የዋሻው ግድግዳ ተነፈሰ። ታምሬት ግድግዳ ነው ብላ የተደገፈችው ቆዳ ነበር። በአዝሜር ሜዳ ሥር የምትተኛው፣ ሜዳውን በጀርባዋ የተሸከመችው ሐሩማ ነበረች። አያቶች ስለ እሷ ሲያወሩ እንደ ደመና የወፈረች፣ እንደ ጡት የሞላች ነበር የሚሏት። አሁን ግን በድርቅ ዓመት እንደተረፈች ላም የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ቆዳዋ ተንዘላዝሏል። ከአንገቷ ሥር፣ ክንድ የሚያስገባ ክፍት ጉሮሮ ይታያል፤ ከእሱም ቀጭን ውሃ ወደ ላይ፣ ወደማይታዩ ቧንቧዎች ይሳባል። ከሩቅ የባልዲ ድምፅ ይሰማል። ከላይ ከተማው ዓምዱን እያጠበ ነው። አንድ ባልዲ በወጣ ቁጥር የሐሩማ ጀርባ ጥቂት ይወርዳል፤ ጣሪያውም አፈር ያራግፋል።

«የያዝሽውን አውቀዋለሁ» አለች ሐሩማ። ድምፅዋ ከእግራቸው ሥር ነበር የሚመጣው። «የመጀመሪያው ንጉሣችሁ ተኝቼ ሳለ ያንን ውታፍ ከጉሮሮዬ ነቀለ። ከዚያ ወዲህ ውሃዬን መያዝ አልቻልኩም፤ የጠየቀኝን ሁሉ አጠጣሁ። የጠጣችሁትን መልሱ አልልም። ብትመልሱትም የሟሸሸው ሥጋዬ አይነሣም፤ የወረደው ሜዳ ወርዶ ይቀራል። ነገር ግን ይህ ቀን ሳይመሽ ውታፌ ካልተመለሰ ጀርባዬ ይሰበራል፤ የተሸከምኩትም ሁሉ ይወድቃል።»

«ብንመልሰውስ?» አለች ታምሬት።

«ጉድጓዶቻችሁ ይደርቃሉ። እናንተ ግን ትቆማላችሁ።»

ታምሬት ድንጋዩን ከእጀታው ለማላቀቅ ጎንበስ ስትል ከጉሮሮው አጠገብ የተቀመጠ ሰው አየች። ጀርባውን ለሐሩማ አንገት ሰጥቶ፣ እንደደከመው መንገደኛ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ደረቁ አየር ጠብቆት አካሉ አልፈረሰም። በወገቡ ላይ የተበጠሰ ገመድ አለ። ታምሬት የራሷን ገመድ ፈታች። ሁለቱን ጫፎች ስታገናኛቸው ክሮቹ ገጠሙ።

እንባዋ ወደ ጉሮሮዋ መጣ። በደፉ ላይ ያሉት ላሶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ደርሶን እጁን በትከሻዋ ላይ አኖረ። ታምሬት እንባዋን እንደ ትኩስ ፍም ዋጠችው።

ከዚያ መጀመሪያ ሰውየውን እናውጣው አለች። ተሸክመን በገመዱ እናድርሰውና ተመልሰን እንወትፈዋለን አለች። ይህን ስትል ከላይ ብዙ ባልዲ አንድ ላይ ተቀዳ፤ ከጣሪያውም ቤት የሚያህል አፈር ተንዶ ከበስተኋላቸው ወደቀ። እሜት ሽራሬ ከወደቀው አፈር መካከል የሕፃን ጫማ አንስተው አሳዩአት። የማን ደጃፍ እንደወረደ አላወቁም።

ታምሬት በባሏ ፊት ተንበርክካ ጥቂት ቆየች። ውታፉ ሲመለስ የሐሩማ ሥጋ ዙሪያውን አብጦ ይህን ዋሻ እንደሚዘጋው ሳይነግሯት ገብቷታል። የባሏን ነጠላ አስተካከለችለት። ሁለቱን ገመዶች በአንድ ቋጠሮ አሰረቻቸውና በወገቡ ዙሪያ ጠመጠመችለት። ተነሥታ ሰማያዊውን ድንጋይ ከሰይፉ ነቀለች፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በጉሮሮው ከታ ከቦታው አኖረችው። የባልዲው ድምፅ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«እስካብጥ ድረስ እጅ ይያዘው» አለች ሐሩማ።

ታምሬት እይዘዋለሁ ብላ ጸናች። ደርሶን ግን ክንዱን ከክንዷ ጎን አስገብቶ ድንጋዩን ከመዳፏ ሥር ተቀበላት።

«ዋርሳዬ፣ አንቺ ገመድ ታውቂያለሽ። እሜቴን ያላንቺ ማን ያወጣቸዋል? እኔ የማውቀው መቀለድ ብቻ ነው።» በአገጩ ወንድሙን አመለከተ። «እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይስቅልኝ ነበር።»

«አልተውህም።»

«ትተይኛለሽ። ሳላገባ፣ የጠላ እዳዬን ሳልከፍል እዚህ ብቀር የሚያዝንልኝ የጠላ ቤቷ ባለቤት ብቻ ናት። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ስሜ ሳይጠራ እንዳልቀር። ዝም ሲሉኝ እንደምበሳጭ ታውቂያለሽ።»

ታምሬት ግንባሩን ሳመችው። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ላሶቹ ደፉን መሻገር ጀምረዋል። ደርሶንም አይቷቸዋል። ሁለቱ ሴቶች በግድግዳው ጥግ እየታከኩ ሲያልፉ እሱ ባለ በሌለ ድምፁ መዝፈን ጀመረ። የሠርግ ዘፈን ነበር፤ ወንድሙ ታምሬትን ያገባ ቀን የዘፈነው። ላሶቹ ሁለቱን ሴቶች ትተው በአጠገባቸው እየተሽሎከለኩ ወደ ድምፁ ሮጡ። ታምሬት ወደ ኋላ አልዞረችም። ዘፈኑ በመተላለፊያው ርዝመት ተከተላት፤ ከገመዱ ሥር ስትደርስ አንድ ስንኝ ሲቀረው ቆመ። ምድር ረጅም እስትንፋስ ወሰደች፤ ከበስተኋላቸው ያለው መንገድ በእርጥብ ጭቃ ተዘጋ።

በማግሥቱ በከተማው የወጣው ባልዲ ሁሉ ባዶ ነበር። ሕዝቡ ወደ ዓምዱ ጎረፈ፤ ንጉሡም የወርቅ ካባውን ደርቦ መጣ። እጀታው ባዶ የሆነውን ሰይፍ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ውሃችንን ገደላችሁት አለ። እሜት ሽራሬ በሰው ፊት ተደግፈው ቆመው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን በታምሬት ክንድ ተደገፉ።

«ንጉሥ ሆይ» አሉ፤ «እናቴ መቀነት ሰጠችኝ፤ እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ሕዝቡን በእልልታ አታለልኩ፤ ራሴንም ጭምር። ዓምዱ አላደገም። ዓምዱ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እኛ ነን የወረድነው። የጠጣነው የቆምንበትን ነበር።»

ሕዝቡ በዓምዱ ላይ ያሉትን መቀነቶች አንድ በአንድ ቀና ብሎ አየ። ከላይ ያለው፣ የማንም እጅ የማይደርስበት፣ በአያቶቻቸው ጊዜ መሬቱ ላይ የታሰረ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቁጭ አለ።

ንጉሡ አላመነም፤ ወይም አምኖ ፈራ። የምዕራቡ ሜዳ ይቆፈር፣ ድንጋዩ ተነቅሎ ይውጣ ብሎ አዘዘ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ወጡ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ቆፋሪዎቹ የታምሬት ባል የሥራ ጓደኞች ነበሩ። በሜዳው የመጀመሪያው ዶማ ሲነሣ ታምሬት ከዶማው ሥር ገብታ ቆመች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ከእሜት ሽራሬ በቀር ማንም አልገባውም። የባሏን ስም በዚህ ከጠራችው ለዘላለም በዚህ ይቀራል፤ በከተማው በር አጠገብ የሚቆፈርለት መቃብር አይኖርም። ይህንንም ታውቅ ነበር።

«ኬርሞን!» ብላ ጠራች።

ድምፅዋ በደረቁ ሜዳ ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ቆፋሪዎቹ በድን ሆኑ። ታምሬት እስትንፋሷን ሰበሰበች።

«ደርሶን!»

ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ንጉሥ ሆይ፣ ከእግርዎ ሥር ሁለት ወንድማማቾች ተቀብረዋል። እታች ያለችው አንድ አካል ናት፤ ሜዳውም፣ ከተማውም፣ ቤተ መንግሥትዎም ያረፉት በእሷ ላይ ነው። እሷ ደግሞ መቃብራቸው ናት። ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

መጀመሪያ ዶማውን ያወረደው ያንን የተበጠሰ ገመድ የጎተተው ሰው ነበር። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወረዱ። ንጉሥ ዝናር ዶማዎቹን፣ ቀጥሎም ዘንበል ያለውን ግንቡን ብዙ ጊዜ አየ።

«በገዛ ሕጌ አሰርሽኝ» አለና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በአዝሜር ጉድጓድ አልተቆፈረም። ኑሮው ከባድ ሆነ። ውሃ ከሩቁ ወንዝ በአህያ መምጣት ጀመረ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ወንዙ ዳር ተሰደደ። የወረደው ሜዳ አልተነሣም፤ የተሰነጠቀው ግንብም እንደተሰነጠቀ ቀረ። ታምሬት ገመድ የሚገዛት ሲጠፋ የአህያ መጫኛ መግመድ ጀመረች።

ዓመቱ ሲዞር በዓሉ ይቅር ያሉ ነበሩ። እሜት ሽራሬ ግን ሕዝቡን ሰብስበው ወደ ዓምዱ ወሰዱ። በሕዝቡ ፊት ጎንበስ ብለው ያምናውን መቀነት ፈለጉ። ከጥልቁ በወጡ ጊዜ ያሰሩት መቀነት ከመሬቱ ጋር እንደተስተካከለ ነበር። መዳፋቸውን በመቀነቱና በአፈሩ መካከል ለማስገባት ሞከሩ፤ አልገባም። እልል ያለ አልነበረም፤ ሰዎቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ታምሬት ቤቷ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። በመንደሩ ያለ ሰው ሁሉ እንስራውን፣ ገንቦውን፣ ድስቱን እያወጣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር መደርደር ያዘ። ጎረቤቷ የእሷ እንስራ በደጇ እንደተደፋ አይታ፣ ቶሎ በይ ገልብጪው እንጂ ብላ ተጣራች።

ታምሬት አልገለበጠችውም። የሚቀጥለውን ዝናብ እንደምትቀዳ ለጎረቤቷ ነገረቻት። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ውሃው ፊቷን ሲያረጥበው ተወችው። ጠብታዎቹ ደረቁን አፈር እየመቱ፣ ሳይጠራቀሙ፣ አንድ በአንድ ወደ ታች ይገባሉ።

«ጠጡ» አለች።